ላብ ያልነካው ማልያ

የኮሌጃችን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ልብስ አጣቢ ስሙ ከተረሳ ቆይቷል። ተጫዋቾቹ ጋሽ መርማሪ ይሉታል፤ አዳራሹን የማጸዳው እኔም መርማሪው እለዋለሁ። ካልሲ ከጠፋ ሌባውን ያውቀዋል፤ ኳስ ከተነፈሰ የወጋው ሰው አለ፤ ዳኛ ፊሽካ ካዘገየ ነገር አለው። እኔንም አንድ ጊዜ መወልወያዬን ለምን በር ላይ እንደማቆመው አፋጦኛል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይላል ሁልጊዜ። እሱ ግን ጠርጥሮም ተመንጥሯል። ሚስቱ ወዴት ወጣሽ፣ ከማን አወራሽ ሲላት ሰልችቷት ጥላው ሄዳለች። ዘመድ ብሎ የቀረው የእህቱ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም የቡድኑ አምበል ነው።

ዘንድሮ ቡድኑ ውድድሩን በድል ጀምሮ ነበር። መሃል ላይ ረጅሙ ልጃችን ቁርጭምጭሚቱ ዞረበትና ከዚያ ወዲህ ሽንፈት በሽንፈት ላይ ሆነ። ምክንያቱን የማያውቅ የለም፤ ልጁ በክራንች ሲያነክስ እናየዋለን። መርማሪው ግን "ቁርጭምጭሚት ሰበብ ነው፤ ነገሩ ሌላ ነው" አለ።

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ከተበላሸ ወዲህ ማልያዎቹን የሚያጥበው ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ በሳፋ፣ በእጁ ነው። ሳፋው ውስጥ ከመንከሩ በፊት እያንዳንዱን ያሸታል። ማን እንደሮጠና ማን እንደለገመ ከሽታው አውቃለሁ ባይ ነው። አንድ ቀን ከጨዋታ በኋላ ጠራኝ።

"ነይ እስቲ ይህን አሽቺ።"

"እኔን ምን በወጣኝ! የጎረምሳ ላብ ላሽት?"

"ላብ መች አለና? እሱን እኮ ነው የምልሽ። ውሃ ነክረው ያላባቸው አስመስለው ነው የሚያመጡልኝ።"

ማልያውን ተቀብዬ አየሁት። እውነትም ርጥብ ነው፤ የሚሸተው ግን ሳሙና ሳሙና ነው።

"የሁሉም እንዲህ ነው?" አልኩት።

"የሁሉም። እንደ አንድ ሰው የሚለግሙት አንድ የሚያዛቸው ስላለ ነው። ማልያውን ሰብስቦ የሚያመጣልኝ ማነው?"

"የእህትህ ልጅ ነዋ።"

"እንግዲህ!"

"አንተ ሰውዬ፣ ልጁ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ምን አገኝ ብሎ ይሸነፋል?"

"እሱን እነሱ ያውቃሉ። ባለፈው ለተጋጣሚው አሰልጣኝ ሲስቅለት አይቼዋለሁ።"

ቆሽቴ አረረ። ሰው ሰላም ሲለው ጥርሱን የት ይደብቀው? ሆኖም የሳሙናው ነገር እኔንም ከነከነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹን በጎን ማየት ጀመርኩ። ሳልፍ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ድሮ የሻወር ቤቱን በር በርግደው ሲዘፍኑ የነበሩት፣ አሁን ከውስጥ ይቆልፋሉ። አምበሉ ደግሞ መጀመሪያ ወጣ ብሎ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ ያያል። ምን እየጠበቀ እንደሆነ ብጠይቀው "ምንም፣ እታለም" ብሎ አቀረቀረ። ጥርጣሬ ለካ እንደ ጉንፋን ይጋባል።

የመጨረሻው የምድብ ጨዋታ ደረሰ። ካሸነፍን ወደ ማጠቃለያው እናልፋለን፤ ከተሸነፍን አምበሉ የኮሌጁን ማልያ ለብሶ ዳግም አይጫወትም። በዋዜማው መርማሪው የጠረጠረውን ሁሉ ሄዶ ለአሰልጣኙ ዘረገፈ። አሰልጣኙም ልጁን አስጠራው። እኔ ኮሪደሩን እየወለወልኩ ስለነበር፣ በሩም ገርበብ ብሎ ስለነበር፣ ሁሉንም ሰማሁ።

"ማልያዎቹን ውሃ ትነክራላችሁ?"

"አዎ።"

"ለምን? ትለግማላችሁ እንዴ?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"ታዲያ ለምንድነው?"

ልጁ አጎቱን አየው። መርማሪው እንደ ልማዱ እጆቹን ኪሱ ከቶ ግድግዳ ተደግፏል።

"እሱን መናገር አልችልም" አለ ልጁ።

"እንግዲያው ነገ አትጫወትም።"

መርማሪው ሲወጣ "አላልኩሽም?" አለኝ። እኔም አምኜው ስለነበር ወደ መወልወያዬ አጎነበስኩ።

በማግስቱ አምበሉ ማልያውን እንደለበሰ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ። ልጆቹ እስኪዝሉ ሮጡ፤ ግን ለጥቂት ተሸነፉ። መርማሪው በሩ ጋ ቆሞ "ከወንበሩ ሆኖ በዓይኑ ነው የሚያዛቸው" ይለኛል። ጨዋታው አልቆ የሻወር ቤቱ በር እንደተለመደው ሲቆለፍ ዓይን ለዓይን ተያየን። የጽዳት ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። በሩን ከፈትኩትና ሌባ እንደሚይዝ ሰው ተከታትለን ገባን።

ልጆቹ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ማልያ እያጠቡ ነው። አንዱ እያለቀሰ ያሻል። ያ ረጅሙ ልጅ ክራንቹን አስደግፎ ሳሙና ያቀብላል። አምበሉ፣ የራሱን ላብ ያልነካውን ማልያ እንደለበሰ፣ የሌሎቹን እየጨመቀ ይከምራል።

"ምን እየሠራችሁ ነው?" አለ መርማሪው።

አምበሉ "ማንም እንዳይናገር!" አለ። ረጅሙ ልጅ ግን አልቻለም።

"እያጠብን ነዋ! እጅህ ተሰነጣጥቆ ሳፋው ውስጥ ደም አየና፣ ላቡንና እድፉን እኛ እናስለቅቀው፣ ለጋሼ ማለቅለቁን ብቻ እንተውለት ያለን አምበላችን ነው። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ 'ሥራውን ያልቻለ ቤቱ ይቀመጥ' ሲል ሰምቷላ! እንዳንናገርም አስማለን።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቡድኑ ሁሉ የሚያውቀውን ባለ እጁ አላወቀም። እኔም ብሆን አብሬው ስውል፣ ያንን እጅ ከኪሱ ወጥቶ በቅጡ አይቼው አላውቅም።

መርማሪው ዞሮ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። በቀጥታ አሰልጣኙ ቢሮ ገብቶ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ጣቶቹ ቆስለዋል፣ መታጠፍም አቅቷቸዋል።

"ለእነዚህ ብለው ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጁን አጫውተው።"

አሰልጣኙ እጆቹን አየና "ጨዋታው እኮ አልቋል" አለው።

መርማሪው ያን ጊዜ አለቀሰ። እንዲያ ሲንሰቀሰቅ አምበሉ ከኮሪደሩ እየሮጠ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ትንፋሽ አጥሮታል።

"ጋሼ፣ እጅህን ቶሎ ኪስህ ክተት" አለው፤ "ኃላፊው እየመጣ ነው።"