ሁለተኛው መርዶ

ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። የቀረውን ራሴን አስተማርኩ፤ ከሚሴ ውስጥ የእኔን ያህል ያነበበ ካለ ይምጣና እንወያይ። አዲስ አበባ ሐኪሙ የባለቤቴን የአንጎል ምስል ኮምፒዩተር ላይ ሲያሳየኝ አስረጂ አላስፈለገኝም። ከጆሮዋ ገባ ብሎ፣ ግራና ቀኝ፣ ሙሉ መሆን የሚገባው ቦታ ሟሙቶ ጠቁሯል።

«አዲስ ትዝታ መጀመሪያ የሚያዘው እዚህ ነው። ሲቆይ ውጭኛው ሽፋን ላይ ይጸናል» አልኩት።

«አባባ፣ የት ተማሩ?»

«ቤቴ።»

ሰውን መሣሪያው ውስጥ አስተኝተው፣ የቅርቡንና የድሮውን ሲያስታውስ የቱ የአንጎል ክፍል እንደሚሠራ በምስል እንደሚከታተሉ አንብቤያለሁ። እሷም የድሮውን እንጂ የቅርቡን አትይዝም፤ ጨፋ ሜዳ ላይ ያረስንባቸውን በሬዎች በስም ትጠራለች፣ የልጃችንን ሞት ግን አታውቅም። ልጃችን ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ባሕር ላይ ቀረ። «ልጄ ደወለ?» ትላለች። እውነቱን ስንነግራት እንደ አዲስ ትጮኻለች፤ ወዲያው ረስታ ትጠይቃለች።

«አባዬ፣ ደውሏል በላት፤ ምን ትሆናለህ?» አለችኝ ሴት ልጄ።

እኔ ግን አንዴ አውቃው እንድታርፍ ፈለግሁ። ልብን የነካ ነገር አይጠፋም ይላል ያነበብኩት የአንጎል መጽሐፍ፤ የመጀመሪያውን መርዶ ደግሞ በስልክ ነው የሰማችው። ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ፣ እንደ ወጉ በማለዳ እናርዳት አልኳቸው።

«ለአንድ ሞት ሁለት መርዶ? አንተ ሰውዬ፣ ንባቡ አዞረብህ!» አለኝ አንዱ።

«የማታውቀውን አትናገር፤ ሳይንስ ነው» አልኩት። ማን ይችለኛል!

ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። ታላቃቸው «እህታችን፣ ሁላችን የአላህ ነን፤ ወደ እሱ ተመላሾች ነን። ልጅሽ አልፏል» አላት። ፊቷን ነጨች። ከቀትር በፊት ግን ለቅሶ የመጣውን ሰው አየት አድርጋ ወደ ሴት ልጇ ጠጋ አለች።

«ኤኙቱ ዱኤ?»

በኦሮምኛ ማን ሞተ ማለቷ ነው። ከዚያ ለሰው አዝና አብራ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ስልክ መጠየቅ ተወች። ጎረቤት አዳንካት አለኝ፤ እኔም ሠራ ብዬ ነበር። ነገር ግን ጋቢ ለብሼ በገባሁ ቁጥር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥልና ማልቀስ ትጀምራለች። ለልጇ አይደለም፤ ለማን እንደምታለቅስ አታውቅም። ጋቢውን ተውኩት። አሁን ድምፄን ስትሰማም ታለቅሳለች።

አንጎል ውስጥ ፍርሃት የሚያዝበት ቦታ ሌላ ነው፤ እሱ ምስሉ ላይ ደህና ነበር። መጽሐፉ አልተሳሳተም።

ምሳዬን ልጄ ውጭ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር ታቀርብልኛለች። ሳልናገር እበላለሁ።