የኩባያው እጀታ

ደወል ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት የውሃውን ኩባያ እናቷ አልጋ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ታስቀምጥና እጀታውን ወደ ግራ ታዞረዋለች። እናቷ ከታመሙ ወዲህ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ግራውም ቢሆን እጀታው ውስጥ ሁለት ጣት አስገብቶ ከማንሳት አያልፍም።

«ደወል» ያሏት ላውንደሪ ቤት አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ካውያዋን አቁማ ወደ እናቷ ስትሮጥ ያዩና ምሳ መድረሱን ያውቃሉ።

አንድ እሑድ ሴቶቹ ከከተማው ማዶ ወዳለችው ትንሽ ደሴት ሊሄዱ ተነሡ።

«እኔስ ይቅርብኝ» አለች።

«እንፋሎት ስትምጊ ኖረሽ ተንነሽ ልትጠፊ ነው?» አለቻት አጣቢዋ።

እናቷም ከእነሱ ጋር አበሩባት። «ሂጂ ልጄ፣ እኔን የሚሰርቀኝ የለም።»

«በስምንት ሰዓቱ ጀልባ እመለሳለሁ፣ እማ።»

የዚያን ዕለት ጠዋት ልቧ ቀድሟት ጀልባው ላይ ተሳፍሮ ነበር። ኩባያውን አስቀመጠች፣ የእናቷን ግንባር ሳም አደረገች፣ ወጣች።

ደሴቷ እንዲያው ጥቂት ዛፍና አሸዋ ናት። ደወል ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። አጣቢዋ የአሠሪያቸውን አካሄድ እየቀዳች ስታሳይ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ቤት የደረሰችው ሊመሽ ሲል ነው። ኩባያው ጠዋት እንደሞላችው ሙሉውን በርጩማው ጠርዝ ላይ ቆሟል። እጀታው ወደ ግድግዳው ዞሯል። እናቷ በጣታቸው ጫፍ ሊስቡት ሲሞክሩ ጭራሽ ሸሽቷቸው፣ እንዳይደፋ ፈርተው ትተውታል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

አንገታቸውን ደግፋ አጠጣቻቸው። ስለቸኮለች ግማሹ አንገታቸው ላይ ፈሰሰ።

«ጀልባው ሞልቶ ነው አይደል?» አሉ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

«አዎ እማ። ሞልቶ ነው።»

«ታዲያ ምን ታድርጊ። ዋኝተሽ አትመጪ ነገር።»

ከዚያ ወዲህ በር ላይ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ እጀታውን በጣቷ ትነካዋለች። የእጀታውን ነገር ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ታወራለች። ጥፋቴ እሱ ነው፣ ትላለች።

ይህ ታሪኳ ሲጻፍ «ይቺስ ሳትጻፍ ትቅር» ያለችው ግን ሌላ ነገር ነው። የስምንት ሰዓቱ ጀልባ ግማሹ ባዶ ነበር። ነጂው ሁለት ጊዜ ጠራት። እግሯን ከውሃው ሳታወጣ፣ እንዳልሰማች ሆና ፊቷን አዞረች።