ለጄኔቫ የወጣ የቤት ስም

ሰሞኑን እማዬን ልጠይቅ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር ስሄድ፣ ከሕንጻዎቹ መሀል የተጠበሰ ቀይ ቃሪያ ሸተተኝ። ባለሁበት ቆምኩ። ወይኔ፣ ቴታ ሚሌና!

ቴታ በሰርብኛ አክስት ማለት ነው። ከበላያችን ያለው ፎቅ ላይ ትኖር ነበር። ልጅ ሳለሁ እማዬ ጄኔቫ፣ አንድ ዲፕሎማት ቤት እዚያው እያደረች ትሠራለች፤ የምትመጣው በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ነው። አባዬ ሽሊረን ከሚሠራበት መጋዘን እስኪገባ ቴታ ጋ እቆያለሁ። ጄኔቫ ሲባል ደሜ ይፈላ ነበር። እናቴን የወሰደች ከተማ! አንድ እሑድ ሳትመጣ ትቀራለች ብዬ በጣም እፈራ ነበር።

በመስከረም ቴታ በረንዳዋ ላይ ቃሪያ ትጠብሳለች፤ ጣቷን እያቃጠላት ትልጣለች፣ እኔ ዘሩን አወጣለሁ። አንድ ቀን ስለ ዘመዶቿ ስታወራ ቪየናን «ቤች» አለቻት።

«ቪየና ነው የተማርነው!» አልኩ፣ አዋቂ መሆኔ ነው።

ሳቀች። «አያቶቻችን ለንግድ የሚሄዱት በሀንጋሪ በኩል ነበር፤ ከሀንጋሪዎቹ የሰሙትን ስም ይዘው ገቡ። ተሰሎንቄ ለኛ ሶሉን ናት። ኢስታንቡልን ደግሞ የንጉሥ ከተማ እንላታለን። ሰዎችሽ እየሄዱ የሚመለሱበት ከተማ የቤት ስም ይወጣለታል። ማንም ያልሄደበትን ካርታው ላይ እንዳለ ትጠሪዋለሽ።»

የቤት ስምማ የኛም ወግ አይደል? እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ማርታ፣ ቤት ውስጥ ሚሚ ነኝ። ከንግግሯ ሁሉ ግን ጆሮዬ ላይ የቀረው «የሚመለሱበት» ያለችው ነው።

እሑድ እማዬን ባቡር ጣቢያ ስንሸኛት፣ «የእማዬ ከተማ በሰላም ግቢ» አልኳት።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ለጄኔቫ የቤት ስም አወጣሁላት። ስለዚህ ትመለሻለሽ።»

አቅፋኝ አለቀሰች። አባዬ፣ ቀልድ የማያውቀው ሰውዬ፣ ከዚያ ወዲያ ሲጸልይ «ጌታ ሆይ፣ የእማዬን ከተማ መንገድ ጠብቅ» ይል ጀመር። በዓመቱ እማዬ እዚሁ ዙሪክ አጠገብ፣ ኡስተር፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ አግኝታ ጠቅልላ መጣች። ቴታም ጡረታ ስትወጣ አገሯ ገባች፤ እዚያው መንደሯ አረፈች።

ያ የቃሪያ ሽታ ከእማዬ በረንዳ ኖሯል። አንድ ጎረምሳ እጅጌውን ሰብስቦ ይጠብሳል።

«የቴታ የልጅ ልጅ ነው፤ ለሥራ መጥቶ ነው» አለችኝ እማዬ፣ ፊቷ በርቶ።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «ሚሚ ማለት አንቺ ነሽ?» አለ በጀርመንኛ። «እኛ ቤት ዙሪክን ማንም ዙሪክ አይላትም። አያቴ ስም አውጥታላታለች፤ የሚሚ ከተማ።»

እንባዬ መጣ። እሱ ጣቱን እያቃጠለው ይልጣል። እጄን ታጥቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ዘሩን ማውጣት ጀመርኩ።