«ረጅም» ያልኩት ኪኒን

እህቴ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ያያት ሁሉ ግን ስምንት ነው የሚላት። ረሃቡ ከአገር ሲያስወጣን እናታችን መንገድ ላይ ቀረች፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ አጠገብ ካለው ካምፕ የገባነው ሁለታችን ብቻ ነን። ለሀዋታ እርሻዎች የሰሊጥ አጫጆች ሊመርጥ የመጣው ወኪል እህቴን ከሰልፉ አወጣት። «ይቺ ሰሊጡ ውስጥ ብትጠፋ ማን ይፈልጋታል?» ብሎ ሰው አሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች። ያለቀሰችው ድንኳን ስንገባ ነው።

እኔ ከተማ፣ ከአንዲት የነጋዴ ሚስት ቤት ልብስ አጥብ ነበር። አንድ ቀን ሴትዮዋ ግማሹ ያለቀ ኪኒን ከነካርቶኑ ሰጥታ ጣይው ብላ በእጇ አሳየችኝ። አረብኛዬ ገና ከዳቦና ከውሃ አላለፈም፤ ምንድን ነው ብዬ በእጄ ጠየቅኋት።

«ሪጂም» አለች።

ረጅም! ጆሮዬ የገባው የራሴ ቋንቋ ነው። ደግሞ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ገልቢ፣ ገልቢ» አለች። ልቤ ማለቷ እንደሆነ ገባኝ፤ መጣሉ ቆጭቷት መሰለኝ። ካርቶኑን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

«እትዬ፣ በስንት ቀን ያስረዝማል?» አለች እህቴ።

«እንደ እግዜሩ ነዋ።»

«ያን ወኪል ከላይ አናት አናቱን ሳላየው እንዳልሞት!»

መዋጥ በጀመረች በሦስተኛው ቀን ገንፎዋን ገፋችልኝ። «አልራበኝም፣ አንቺ ብዪው።» በላሁት። ይኼን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን በላሁት፣ ያውም ደስ ብሎኝ። እህል ሳይፈልግ የሚያስረዝም መድኃኒት አገኘን አልኩ። በየማለዳው ከድንኳኑ ምሰሶ አስጠግቼ በከሰል እለካታለሁ። ቁመቷ ንቅንቅ አይልም፣ ጉንጯ ግን ይጎድላል። በሳምንቱ እጇን ብይዘው የደም ሥሯ እንደሚያባርሩት ዶሮ ይሮጣል።

ገበያው ውስጥ ስኳር የሚሸጥ የጎንደር እስላም አለ፣ አረብኛ ያነባል። በየቀኑ በደጁ አልፋለሁ። ያን ቀን ነው ካርቶኑን ያሳየሁት። ወረቀቱን ከውስጥ አወጣና ዘረጋው።

«ማን ነው የሚውጠው?»

«እህቴ።»

«ወፍራም ናት እንዴ?»

ትንሿን ጣቴን ቀጥ አድርጌ አሳየሁት።

«አንቺ ሴት፣ ሪጂም እኮ ማክሻ ነው! የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ይኸው፣ ለልጅ አይሰጥም፣ ልብ ያስመታል ይላል።» ጣቱን ከጽሑፉ ላይ አደረገ። ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነበር።

ኪኒኑን አቆምኩ። ከቀናት በኋላ «እትዬ፣ ራበኝ» አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት ተሸክሜያት፣ የምትበላው እንዲሰጧት ወደ ካምፑ ሕሙማን ድንኳን ሮጥኩ። ወተት በማንኪያ ሰጧት፤ ሆዷ አልያዘውም። በሁለተኛው ቀን አረፈች።

የገደላት ኪኒኑ ነው ወይስ ረሃቡ ብዬ ሐኪሟን አስጠየቅሁ። ነጠላዬን ስባ የእህቴን ፊት ሸፈነችው።

የአረብኛ ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። ዛሬ የጎረቤት ሴቶች ለመክሳት የገዙትን ሁሉ እያመጡ ያስነብቡኛል። «አክስቴ፣ ቶሎ በይ፣ ሠርጉ ደርሷል!» ይሉኛል። እኔ አልቸኩልም። ወረቀቱን እስከ ታችኛው መስመር አነባለሁ።