ለበረዶው ባሕር ጓሮ ውስጥ መለማመድ

ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ዊልቸር መግፋቱን ወገቤ እምቢ ሲለኝ ነው አቁሜ አንድ አሜሪካዊ አዛውንት ዘንድ መዋል የጀመርኩት። ሥራውን ያገኘችልኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ከባድ ነገር የለውም፣ አብሮ መዋል ነው» አለችኝ። የምንኖረው እኛ ዩለስ፣ እሳቸው ግሬፕቫይን፣ ሁለቱም ዳላስ አጠገብ ያሉ ከተሞች ናቸው። ያለችን መኪና አንዲት ስለሆነች ባለቤቴ ጠዋት አድርሳኝ ትሄዳለች፣ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ መጥታ ትወስደኛለች።

ሰውዬው ረጅም፣ ከሲታ፣ ወሬ የማያበዙ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ማቀዝቀዣ ሲጠግኑ ነው፤ ማለቴ የሱቅ ፍሪጅ፣ በረዶ መሥሪያ፣ የቤት ኤሲ። በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ ነበር የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልጻፋቸው።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ የመርከብ ፎቶ አሳዩኝ። እንደ ትልልቆቹ ቁማርና ጭፈራ ያለበት መርከብ አይደለም፣ ትንሽ ነገር ነው። በሰመር ከኖርዌይ ወደ ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደምትከርምበት አገር ይወጣል። ወደብ የለም። ሰው ከመርከቡ ጎን በደረጃ ወርዶ ጎማ ጀልባ ውስጥ ይገባል፣ በጀልባዋ ባዶ ድንጋይ ላይ ይወርዳል። ድብ እንዳይመጣ ጠመንጃ የያዘ ሰው አብሮ ይሄዳል።

«እዚያ ምን አለ?» አልኳቸው።

«በረዶ።»

«በረዶማ ሲሠሩ አይደለም እንዴ የኖሩት?»

«ለዚያ እኮ ነው» አሉ። «ማንም ያልሠራውን አንድ ጊዜ ልየው።»

ሴት ልጃቸው ፎርት ወርዝ ነው የምትኖረው፣ አስተማሪ ናት። አባቷ በብርዱ ወራት ሻወር ቤት ወድቀው ስለነበር ጉዞውን ስትሰማ ደነገጠች። ጀልባዋ ውስጥ ለመግባት አንድ መርከበኛ ክንድህን ይይዝሃል፣ አንተም የሱን ትይዛለህ፣ ከዚያ በኋላ እግርህን የምታነሳው ራስህ ነህ። ያን ያልቻለ መርከቡ ላይ ይቀራል። እሷም ቁርጡን ነገረቻቸው፤ «ከመሄድህ በፊት ባለው እሑድ እመጣለሁ። ራስህን ችለህ ስትገባና ስትወጣ ካየሁ ሂድ። ካልሆነ ካንስል አደርገዋለሁ።» እሳቸውም ኦኬ አሉ። አባትና ልጅ አንድ ዓይነት ግትር ናቸው።

ጎማ ጀልባ ከየት ይምጣ? የሕፃናት ገንዳ ገዛን፤ ያ በአየር የሚነፋው፣ ጠርዙ እንደ ጉልቻ ወፍራም የሆነው። ከጋራዣቸው መንፊያ አምጥተው ራሳቸው ነፉት። ጓሮው ውስጥ ውሃ ሞላንበት። የዝናብ ቦት ጫማቸውን ከነቁምጣቸው አድርገው ብቅ አሉ። የዳላስን የሰኔ ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ገና በጠዋቱ ሣሩ ይፋጃል። እኔ ደግሞ የሰኔ ጾም ይዣለሁ፤ ውሃ ሳልቀምስ ውሃ አጠገብ ቆሜ እውላለሁ።

ልምምዱ እንዲህ ነበር፦ ቀኝ እግር ጠርዙ ላይ፣ ግራው ወደ ውስጥ፣ መቀመጥ። ከዚያ መነሳት፣ መውጣት። ከዚያ እንደገና። ጎረቤትየው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣

«ዓሣ ተያዘ ወይ?» ይላል።

«ገና ነው፤ አጥማጁ አርጅቷል» ይላሉ እሳቸው ዞር ሳይሉ።

ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ። እኔ በጣም የተሻላቸው መስሎኝ ነበር። ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን እጄን ማንሳት ያቅተኛል፣ ትከሻዬን ይቆረጥመኛል። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ባለቤቴ ቀደም ብላ መጣችና በጓሮ በር ገብታ ቆማ ስታየን ቆየች። ሁለት ሽማግሌ በሕፃን ገንዳ ዙሪያ ሲንገዳገድ ማየት ያስቃል፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ሰውዬው እኮ እግራቸውን አላነሱም» አለችኝ በአማርኛ።

«እንዴት አላነሱም? ገቡ አይደል?»

«አንተ ነህ ያስገባሃቸው። እጅህን እየው እስኪ።»

እጄን አየሁት። አንዱ በብብታቸው ሥር ገብቷል፣ ሌላው ቀበቷቸውን ጨብጧል። መቼ እንደገባ አላውቅም። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው እግሩን ሲያነሳ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ከደረጃ ስናወርድ፣ ከመኪና ስናወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመልስ ክንድ ሥር እንገባለን፣ ማንም አላስተማረንም። ዊልቸር ስገፋም በዚሁ ነበር የሚያመሰግኑኝ። ያን ሁሉ ቀን ለካ ሰውዬውን ተሸክሜ አስገባ ኖሯል፣ እሳቸውም ሳያውቁት ክብደታቸውን ጥለውብኝ።

«ምን አለች?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። «ማነው ታዲያ ወደ በረዶው የሚሄደው፣ አንተ ወይስ እኔ?» አሉ።

በማግስቱ ወንበር አምጥቼ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ፣ እጆቼንም ጭኔ ሥር ቀበርኳቸው። እሳቸው አጥሩን በአንድ እጅ ይዘው እግራቸውን አነሱ። እስከ ጠርዙ አልደረሰም። ደገሙት፣ ተመለሰ። እኔ እግራቸውን ባነሱ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ፣ እሳቸው «ቁጭ በል» ይላሉ። በመጨረሻ ሣሩ ላይ ቆመው ላባቸውን እየጠረጉ «ተወው ወዳጄ፣ በቴሌቪዥን አየዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፣ ድካም ብቻ ነው። አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው።

ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሱሪዬን ሰበሰብኩ፣ «እስኪ እርስዎ መርከበኛ ይሁኑ» አልኳቸው። ክንዴን ያዙኝ፣ እኔም ያዝኳቸው። እግሬን ባነሳ ወገቤ ጮኸ፣ እኔም ጠርዙ ላይ አልደርስም! ሁለታችንም ተያይዘን ቆመን ቀረን። እሳቸው ሳቁ፤ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

«አንተንም መርከቡ ላይ ይተዉሃል» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በተራ ሆነ። አንዴ እሳቸው መርከበኛ፣ አንዴ እኔ። የሰው ክንድ መያዝና በሰው ክንድ መንጠልጠል ለየቅል እንደሆነ የገባኝ እዚያ ገንዳ ውስጥ ነው። የያዝከው ሰው አይጎትትህም፣ አይገፋህም፣ እንዳትወድቅ ብቻ ይቆምልሃል። ቀስ በቀስ የእሳቸው እግር ከኔ ቀድሞ ከፍ አለ። ቀትር ሲሆን ሁለታችንም ኤሲው ሥር ተዘርረን እንተኛለን። ባለቤቴ ስትመጣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ አይለይም ትል ነበር።

የቀጠሮው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄድኩ። ልጃቸው ቀድማ መጥታ ጓሮ ቆማለች። ፊቷ የሚፈራ ሰው ፊት ነው። መርከበኛው እሷ እንድትሆን አባቷ ጠየቁ። እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋትና ወደ ኋላ ሄጄ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ቀኝ እግራቸውን አነሱ። ጠርዙ ላይ ቆመ። ገንዳው ተነቃነቀ፣ የሷ ሌላ እጅ ወደ ብብታቸው ሲሄድ አየሁት።

«አይሆንም፣ ክንዳቸውን ብቻ» አልኳት። ትልቅ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ ማድረግ አልወድም፣ ግን አልኩ።

እጇን መለሰች። ግራ እግራቸው ገባ። ተቀመጡ። ከዚያ ለመነሳት ብዙ ቆዩ፣ እኔም ኪሴ ውስጥ ጣቶቼን ጨምድጄ ቆየሁ። ወጡ። ልጅቱ ተንበርክካ የረጠበ ቦት ጫማቸውን አወለቀችና ለሻንጣው እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አቆመችው። እንደሚሄዱ ያወቅኩት በዚያ ነው።

ከጉዞው ሲመለሱ ከስተው፣ አፍንጫቸው ተልጦ ነበር። ሻይ ይዤ ቀረብኩ።

«ጀልባዋ ውስጥ ገቡ?»

«ገባሁ። ሁለት ቀን። የቀረውን ቀን ሁሉ ጉም ነበር፣ ማንም አልወረደም።»

በረዶውስ አልኳቸው። ይንጫጫል አሉኝ፤ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ስብርባሪ እንደ ጋለ ዘይት ይንጣጣል፣ ውስጡ የታፈነው አየር ሲወጣ ነው አሉ። «እኔ የሠራሁት ሁሉ ዝም ያለ ነበር።»

«ድንጋዩ ላይስ ወረዱ?»

«ወረድኩ።» ሻዩን ፉት አሉ። «ሌሎቹ ከጠመንጃው ሰው ጋር ኮረብታው ላይ ወጡ። እኔ አንድ ድንጋይ አግኝቼ ቁጭ አልኩ። ጀልባ ነጂው አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ እዚያ ያደረግኩት መቀመጥ ነው። ደክሞኝ ነበር።»

«ደግ አደረጉ» አልኳቸው። እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።