ሦስቴ የነፋሁት ቀን

የእድሩን ጥሩምባ በተረከብሁበት ቀን የቀድሞው ነፊ ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንዴ ከተነፋ ስብሰባ ነው፤ ሦስቴ ከተነፋ ሰው ሞቷል። «በል ጉንጭህን ጠብቅ» ብሎኝ ሄደ።

ደብረ ታቦር ላይ ሃያ ዓመት ነፋሁ። ትምህርት የለኝም፤ ይህንንም የምጽፈው ፊደል እየለቀምሁ ነው። በጥሩምባ ግን የሚያርመኝ አልነበረም።

በምርጫው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ስንዱ መጣች። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት። በአንዲት ትንሽ ፓርቲ ስም ለፓርላማ ትወዳደራለች። ፓርቲው በከተማችን ያሉት አባላት እሷና ወንድሟ ብቻ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ስብሰባ ጠርታ ሁለቱንም ጊዜ የመጣው ወንድሟ ነው።

«አያ ምትኩ፣ ዛሬም ሰው ካልመጣ ስሜን አሰርዤ እተወዋለሁ። አፈር ስሆን ይንፉልኝ።»

«የእድሩን ሰብሳቢ አስፈቅደሻል?»

«አዎ፤ አንዴ ብቻ ይንፋ ብለዋል።»

ጉብታው ላይ ወጥቼ አንዴ ነፋሁ። ደህና ነበር። አፌ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሦስት ለምዷል። ሁለተኛው ሲወጣ እኔ ራሴም ሰማሁት፤ ሦስተኛውን የሚያቆመው ጠፋ።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወንዶቹ ድንኳንና አግዳሚ ተሸክመው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አንዲት ሴትዮ ከሩቅ «ወየው ወንድሜ!» ትላለች። ወንድሟ የድንኳን ምሰሶ እንደተሸከመ ከኋላዋ «ኧረ አለሁ! ዝም በይ!» ይላታል።

ሰብሳቢያችን አቶ ታከለ እያለከለኩ ደረሱ።

«ማነው የሞተው?»

«ማንም።»

«ሦስቴ ነፍተህ?»

«አፌ ነው።»

«እና አፍህን ልንቀብር ነው የመጣነው?»

ድንኳን የተሸከሙት በሳቅ ሊወድቁ ደረሱ። ተነስቶ የሄደ ግን የለም። በእድራችን ደንብ ስሙ ሳይጠራ የሄደ እንደቀረ ይቆጠራል። ስንዱ ይህን ታውቃለች፤ ዘላ አግዳሚው ላይ ወጣች። ደላላ እያታለለ ዓረብ አገር ስለሚወስዳቸው ልጆች ተናገረች። ቅድም ወየው ስትል የመጣችው ሴትዮ «ልጄም እዚያው ናት፤ ንገሪያቸው!» ብላ ጮኸች። አቶ ታከለ ስም ሊጠሩ የከፈቱትን መዝገብ ዘግተው ቁጭ አሉ።

ስንዱ ስሟን አላሰረዘችም። እስከ መጨረሻው ተወዳድራ ተሸነፈች። አሁንም አግዳሚ ካየች ትወጣለች። እኔ ጥሩምባውን ለአንድ ወር ተነጠቅሁ።

ለምትተኩኝ ነፊዎች የምለው ይህ ነው፦ አንዴ ከነፋችሁ ጥሩምባውን ከአፋችሁ አውርዱት።