እጣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ

በቤታችን ጸሎተኛ ነኝ ባይ እኔ ነበርኩ። የቤታችን ሰው ደግሞ ሁለት ነው፤ እኔና ባለቤቴ። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ «እንደ ፈቃድህ ይሁን» እላለሁ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እንደ ፈቃዴ እውላለሁ። እግዚአብሔርም ዝም ይለኛል። እኔ ዝምታውን ተስማምቷል ብዬ እወስደው ነበር።

ባለቤቴ አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ራቅ ካለችው ከቡልቡላ ከተማ ተደወለላትና እዚያ ያለ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሁኚልን ተባለች። ለዓመታት ስትመኘው የኖረችው ነገር ነው። የእኔ ሥራ ግን እዚሁ አዳማ ነው፤ ስለዚህ እሷ እዚያ ቤት ተከራይታ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ልትመጣ ነው። ሽሮ እንኳ መሥራት አለመቻሌ አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን ፈራሁ። ያለ እኔ መኖር ትለምድና ይመቻታል ብዬ ፈራሁ። ይህን አውጥቶ መናገር ደግሞ ሞት መሰለኝ። ስለዚህ በአንድ ጊዜ መንፈሳዊ ሆንኩ።

«እኛ ምን እናውቃለን? ለእግዚአብሔር እንስጠው። እጣ እናውጣ» አልኳት።

በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ሰው መወሰን ሲያቅተው ምርጫዎቹን በወረቀት ይጽፋል፣ ይጠቀልላል፣ ከቅዱስ ሥዕል ሥር ያስቀምጣል፤ ከተጸለየበት በኋላ የንስሐ አባት አንዱን ያነሳሉ። ያልወጣውን ማንም አይገልጠውም፤ እግዚአብሔርን መጠራጠር ይሆናል። እሷም አምናኝ እሺ አለች።

የንስሐ አባታችን ቅዳሜ ከሰዓት፣ አስፋልቱ በሚፋጅበት ሰዓት፣ በባጃጅ መጡ። ወረቀቱን የቆረጥኩት እኔ፣ የጻፍኩትም እኔ። በአንዱ ላይ «አዳማ» ብዬ ጻፍኩ። በሌላው ላይ «ቡልቡላ» ልል እስክሪብቶዬን አስጠጋሁና እንደገና «አዳማ» ብዬ ጻፍኩ። እግዚአብሔር እንዳይሳሳት ማገዜ ነበር።

አርባ አንድ ጊዜ ኪርያላይሶን አልን። ከሁላችን ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው የእኔ ነበር። አባ አንዱን አንስተው ገለጡና «አዳማ» አሉ። የቀረውን ኪሴ ከተትኩት። እሷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መስቀል ተሳለመችና «ይሁን፣ እሱ ያውቃል» አለች። እዚያው ስልኳን አንስታ ለቡልቡላዎቹ አልመጣም አለቻቸው።

ደስታዬ ሦስት ቀን አልቆየም። ከሥራ ስገባ ልብስ እያጠፈች «ምን አስቦልኝ ይሆን?» ትላለች። እሱ ላላሰበው ነገር ታመሰግነዋለች። ማክሰኞ አባ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ፤ ስግደት ያዙኛል፣ ሰግጄ እገላገላለሁ ብዬ ነው።

«ስግደቱ ይቆየን ልጄ። መጀመሪያ ለእሷ ንገራት» አሉኝ።

«አባ፣ እጥፍ ልስገድና እሷ ባትሰማስ?»

«ዛሬውኑ ንገራት አልኩህ!»

ነገርኳት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠችና «እኔ እኮ እሺ ያልኩት ለእሱ ነው። ለአንተማ ቢሆን እከራከርህ ነበር» አለችኝ።

አፈርኩ። ያለ እኔ መኖር ትለምጃለሽ ብዬ ፈርቼ ነው አልኳት። «ታዲያ ይህንኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችና ስልኳን አነሳች። ከወዲያ ያሉት ሰውዬ በኦሮምኛ «አካም ጅርታ» ብለው ደህንነቷን ጠይቀው በደስታ ተቀበሏት፤ ግን ቦታውን ያዝልን ብለው ሌላ ሰው ጠይቀዋል። ያ ሰው አልፈልግም ካለ ብቻ ሐሙስ ይደውላሉ።

ስልኩን ስታስቀምጥ «ተነስ፣ እንጸልይ» አለችኝ። ወረቀት የለ፣ አባ የሉ። «ፈቃድህ ይሁን» አለች፤ እኔም ደገምኩ። ያ ሰው እሺ እንዲል ልለምን ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ስንት ዓመት ያልኩት ጸሎት ነው፤ የሚያስፈራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ምሳ ላይ ስልኩ ጠራ። አዳመጠችና «እሺ፣ መጣሁ» አለች። ያ ሰው አልፈልግም ብሏል። ተነስቼ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩላት። በሕይወቴ ካልኩት አሜን ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።